ሊፍት ውስጥ የተሠራ የቤት ሥራ፦ ፊፎክስ የሚባለውን የስልክ አፕ ሁለት ወር ሞከርነው

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የማይነስ ምልክት ነው። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። የፊዚክስ የቤት ሥራዋ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበር፦ 50 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ሊፍት ውስጥ ሚዛን ላይ ቆማለች፤ ሊፍቱ ወደ ታች እየወረደ ፍጥነቱን በ1.2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር እየቀነሰ ነው፤ ሚዛኑ ስንት ኒውተን ያነባል? ልጄ 430 ብላ ጻፈች። ቤት እየመጣ የሚያስጠናት ልጅም አይቶ ራይት አደረገላት። «ወደ ላይ ከሆነ ፕላስ፣ ወደ ታች ከሆነ ማይነስ» ብሎ ያስያዛት ሕግ አለ። በዚያ ሕግ የስበት መጠን ከሆነው ከ9.8 ላይ 1.2 ይቀነሳል፣ በ50 ይባዛል፣ 430 ይመጣል፣ ደብተሩ ይዘጋል።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፊዚክስ ከተማርኩ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎኛል። ግን በየቀኑ በሊፍት እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ወርደን ልንቆም ስንል ጉልበቴ ሸብረክ ሲል ይታወቀኛል። ይከብደኛል እንጂ አይቀለኝም። ታዲያ ሚዛኑ ልጅቷ ዝም ብላ ስትቆም ከሚያነበው ከ490 (50 ሲባዛ በ9.8) በታች እንዴት ያነባል? ይሄን ስላት «አባ፣ የጉልበት ስሜት ፈተና ላይ አይጻፍም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

የምነግራችሁ ስለ ፊፎክስ ነው፤ መሥሪያ ቤት አንድ ባልደረባዬ የጠቆመኝ የስልክ አፕ። ጀርመን አገር አኽን ከተማ ያለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሰዎች ናቸው በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት። ስሙ ፊዚካል፣ ፎንና ኤክስፔሪመንት የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አጣብቆ የተሠራ ነው። ነፃ ነው። ማስታወቂያ የለውም። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ይሄ ደግሞ እኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ሥራው ቀላል ነው፦ ስልካችሁ ውስጥ ድሮም የነበሩትን ሴንሰሮች፣ ለምሳሌ ስልኩን ስታጋድሙት ስክሪኑ አብሮ እንዲዞር የሚያደርገውን አክስለሮሜትር፣ የሚለኩትን ቁጥር አውጥቶ በግራፍ ያሳያችኋል። በቃ። የቤት ሥራ አይሠራም፣ ጥያቄ ፎቶ አንስታችሁ የምትልኩበት ዓይነት አይደለም። ያን ፈልጋችሁ ከሆነ ከወዲሁ ተዉት።

መጀመሪያ ቀን ልንጥለው ምንም አልቀረን። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድመን «አክስለሬሽን ከጂ ጋር» (የፍጥነት ለውጥ ከስበቱ ጋር እንደማለት ነው) የሚለውን ከፈትን። 9.8 አለ። ልጄ ሳቀች። «ቁጭ ያለ ነገር እንዴት አክስለሬሽን ይኖረዋል? ተበላሽቷል» አለች። እኔም መልስ አልነበረኝም። አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀብን፤ በኋላ ግን ከሁሉም የጠቀመን ይሄው ሆነ፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አክስለሮሜትር ማለት፣ በጣም አሳንሳችሁ አስቡት፣ ስፕሪንግ ላይ የተንጠለጠለች ደቃቅ ክብደት ናት። ስበት ሁሉንም እኩል ስለሚጎትት ስበትን ለብቻው አታውቀውም። የምታውቀው ስልኩን የያዘው ነገር፣ ጠረጴዛውም ይሁን እጃችሁ፣ ምን ያህል እንደሚገፋው ነው። ጠረጴዛው ስልኩን ወደ ላይ ይገፋል፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ 9.8 ኒውተን። ይሄ ምንድነው? ኖርማል ፎርስ ነው! መምህሯ ሰሌዳ ላይ ወደ ላይ የሚያሰምራት ያቺ ቀስት። ስልኩ 0.2 ኪሎ ቢሆን ቁጥሩን በ0.2 ማባዛት ነው፣ 1.96 ኒውተን፣ ጠረጴዛው የሚገፋበት ኃይል ወጣላችሁ። ልጄ ለአንድ ወር ቀስቷን ስትስል ከርማለች፣ ቀስቷ የእውነት የሆነ ነገር ናት ብላ ግን አስባ አታውቅም። መምህሩ ስለሚስለው ነበር የምትስለው።

ለማረጋገጥ ስልኩን ፍራሽ ላይ ጣልነው። ከ1 ሜትር ከፍታ። አየር ላይ እያለ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ። ስበቱ የትም አልሄደም፣ እየጎተተው ነው፤ የሚገፋው ነገር ግን የለም። ግራፉ ላይ ዜሮ አካባቢ የቆየበትን ስናይ 0.44 ሰከንድ ነው። በፎርሙላው ስታሰላው 0.45 መጣ። እዚህ ላይ እናቷ ገባች። አባትና ልጅ በየተራ ስልክ ፍራሽ ላይ ሲጥሉ አየች። ምንም አልተናገረችም፣ የራሷን ስልክ ብቻ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ወጣች።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብና ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ያለው ጂ 9.78 አካባቢ ነው፣ አውሮፓ ከሚታወቀው 9.81 ትንሽ ያንሳል። ስልክ ግን ይሄን ልዩነት አይለይም። የእኔው በአንድ ጎኑ 9.7፣ በሌላ ጎኑ 9.9 ያሳያል። ለቤት ሥራ ይበቃል።

ከዚያ ቅዳሜ ወደ እኔ መሥሪያ ቤት ሊፍት ሄድን። ልጄ የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ይዘን እንሂድ ስትል እምቢ አልኩ፤ ሰው ምን ይለኛል። ስልኩን የሊፍቱ ወለል ላይ አስተኝተን ከምድር እስከ 8ኛ ፎቅ ወጣን፣ ወረድን፣ እንደገና ወጣን። አምስተኛው ዙር ላይ ጥበቃው መጣ። «ጋሼ፣ የወደቀብዎት ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። የልጅ የቤት ሥራ ነው ስለው አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አየና «መብራት ሳይሄድ ጨርሱ እንግዲህ» ብሎን ሄደ። ምክሩ ከምር ነው፣ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን አያነሳም።

ግራፉ እንዲህ ነው። ሊፍቱ ወደ ላይ ሲነሳ መስመሩ ከ9.8 ወደ 10.4 ጉብ ይላል። ከዚያ ወደ 9.8 ይመለስና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። 8ኛ ፎቅ ሊቆም ሲል ወደ 9.2 ይሰምጣል። ሲወርድ የዚህ ግልባጭ ነው፦ መጀመሪያ መስመጥ፣ መሀል ላይ ቀጥታ፣ መጨረሻ ላይ ጉብታ። ልጄ ስልኩን ይዛ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ሲወጣ የሚነሳበትና ሲወርድ የሚቆምበት አንድ ናቸው» አለች። እኔ አልነገርኳትም። በሁለቱም ጊዜ ሊፍቱ ከክብደቱ በላይ ወደ ላይ መግፋት አለበት፣ አንዱን ጊዜ ለማስነሳት፣ ሌላውን ጊዜ ለማቆም። አክስለሬሽኑ ወደ ላይ ነው፣ ጉዞው ወዴትም ይሁን። ደብተሩን አወጣች፣ ማይነሷን ሰረዘች፣ 9.8 ሲደመር 1.2፣ ሲባዛ 50፣ 550 ኒውተን። አስጠኚው የሰጣት ሕግ የሚያየው ጉዞውን እንጂ አክስለሬሽኑን አይደለም፣ ችግሩ እዚያ ነው። ሊፍቱ በሚነሳባቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይሠራል፣ በሚቆምባቸው ሁሉ ይሳሳታል። ግማሹን የሚመታ ሕግ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ትክክል ነኝ እያልክ ነው የምትወድቀው።

እኔን የገረመኝ ግን መሀሉ ነው። ሊፍቱ ሰው ተሸክሞ ሽቅብ እየሄደ ቁጥሩ ጠረጴዛ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። 9.8። ዕድሜ ልኬን፣ ሳስበው፣ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ሁሌ ከክብደቱ የሚበልጥ ግፊት የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመጀመሪያው ሕግ ይሄንኑ ነው የሚለው፤ በአንድ ፍጥነት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር ላይ የሚገፉትና የሚጎትቱት ተጣፍተው ዜሮ ናቸው። ተምሬዋለሁ። ፈተናም ጽፌ አልፌዋለሁ። የገባኝ ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ መሥሪያ ቤቴ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው።

ሁለተኛው የቤት ሥራ የዘቅዛቃ ሜዳ ጥያቄ ነው። 5 ኪሎ ዕቃ 30 ዲግሪ ያዘነበለ ጣውላ ላይ ይንሸራተታል፣ የፍሪክሽኑ (የሰበቃው) ኮኤፊሸንት 0.2 ነው፣ አክስለሬሽኑን አውጡ። ትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ካለ ፎቶኮፒ ቤት የገዛናት የተሠራ መልስ አለች፣ ተማሪው ሁሉ እሷን ነው የሚገለብጠው። መልሱ 2.94 ይላል። ስህተት ነው። የሠራው ሰው ኖርማል ፎርሱን ከዕቃው ክብደት ጋር እኩል አድርጎታል፣ 49 ኒውተን። ያዘነበለ ጣውላ ግን ዕቃውን ሙሉ በሙሉ አይሸከመውም። የሚሸከመው ክብደቱን በኮሳይን 30 አባዝተን የምናገኘውን ነው፣ 42.4 ኒውተን። ፍሪክሽኑ የዚያ 0.2 እጅ፣ 8.5። ወደ ታች የሚጎትተው 49 በሳይን 30 ተባዝቶ 24.5። ልዩነቱ 16፣ ለ5 ሲካፈል 3.2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር። በሰው ላይ አልፈርድም፣ ልጄም በራሷ ስትሠራው ያንኑ ነበር የሳተችው።

አፑ ውስጥ ስልኩ ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ የሚያሳይ መሣሪያ አለ። የሽንኩርት መክተፊያውን ጣውላ አመጣን፣ ስልኩን ላዩ ላይ አድርገን ቀስ እያልን አነሳነው። ከነጎማ ሽፋኑ 31 ዲግሪ ላይ ተንሸራተተ። ሽፋኑን ስናወልቅ 17 ላይ። የማዕዘኑ ታንጀንት ራሱ የስታቲክ ፍሪክሽኑ (ዕቃው ሳይንቀሳቀስ የሚይዘው ሰበቃ) ኮኤፊሸንት ነው፣ ስለዚህ ጎማው 0.6፣ የስልኩ ጀርባ 0.31 መሆኑ ነው። መጽሐፉ ከሚሰጣት ቁጥር ይልቅ እነዚህን ሁለቱን እስከዛሬ አልረሳቻቸውም፣ ምክንያቱም የራሷ ናቸው። ከዚያ ጥያቄ መጣ፦ ከባድ ዕቃ ቀድሞ ይንሸራተታል ወይስ ቀላል? ልጄ ከባዱ አለች፣ እናቷም ከባዱ አለች፣ እኔ ዝም አልኩ። ግማሽ ኪሎ ምስር በፌስታል ጠቅልለን ከነሽፋኑ ስልክ ላይ በላስቲክ አሰርን። ተንሸራተተ፣ 31 ላይ። ደገምነው፣ 30 ላይ። ከ30 እስከ 32 ሲዋልል ዋለ እንጂ ከዚያ አልወጣም። ማስ (የዕቃው ኪሎ) በእኩልታው በሁለቱም በኩል ስላለ ይጣፋል ብሎ መጽሐፉ በአንድ መስመር ያልፈዋል። እኛ ምስሩን ከመሬት ስንለቅም አመሸን።

ታክሲ ውስጥም ሞክረናል፣ ከመገናኛ ወደ 4 ኪሎ። ስልኩን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ጫፉን ወደ ፊት አድርጋ። «ወራጅ አለ!» ሲባል ሹፌሩ እንደለመደው ፍሬኑን ረገጠው፣ ሁላችንም ወደ ፊት ተደፋን። ግራፉ ወደ 4 የሚጠጋ አሳየ፣ ግን ወደ ኋላ። «ወደ ፊት የገፋኝ ምንድነው ታዲያ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም። እሷ በነበረችበት ፍጥነት ስትቀጥል ታክሲው ከሥሯ ቆመ። 50 ኪሎ ሲባዛ በ4፣ 200 ኒውተን ወደ ኋላ ያስፈልጋታል ለመቆም፣ ያንን የሰጣት እግሯና የፊት ወንበሩ ብረት ነው። ዳያግራሟ ላይ ወደ ፊት የምትሄድ ቀስት ስላ ነበር፣ ላጲስ ተበደረች። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ስልኩ ጭን ላይ ትንሽ ካዘነበለ ስበቱ በጎን ይገባና ቁጥሩን ያዛባዋል። ከአክስለሬሽን ተነስታችሁ የታክሲውን ፍጥነት ላሰላ ካላችሁም ጥቃቅን ስህተቶቹ እየተደማመሩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የቆመ ታክሲ እየሄደ ነው ይላችኋል። የሴንሰሩ ጠባይ ነው።

የማይሠራበትንም ልንገራችሁ። በፑሊ (ገመድ በሚዞርባት ጎማ) ላይ በገመድ የተንጠለጠሉ 3 ኪሎና 2 ኪሎ አሉ፣ የገመዱን ውጥረት አውጡ። ልጄ 3 ሲባዛ 9.8 ብላ 29.4 ጻፈች። እዚህ ላይ አፑ ምንም አያደርግላችሁም። የረዳን ወረቀት ነው። ገመዱ 3 ኪሎውን በ29.4 ከጎተተው፣ ክብደቱም 29.4 ነው፣ ታዲያ ለምን ይወርዳል? አይወርድም ማለት ነው። ግን ጥያቄው ይወርዳል ይላል። ስለዚህ ውጥረቱ ከ29.4 ማነስ፣ 2 ኪሎው እንዲወጣ ደግሞ ከ19.6 መብለጥ አለበት። መልሱ 23.5 መጣ፣ አክስለሬሽኑ 1.96። ሳያሰሉ መልሱ የት እና የት መሀል እንደሆነ ማወቅን የለመደችው ግን ሊፍቱ ላይ ይመስለኛል፤ «ወደ ላይ ሊያስነሳው ከሆነ ከክብደቱ መብለጥ አለበት» የሚለው አባባሏ ከዚያ ነው የመጣው።

ስለ ስልኩ፦ ውድ ስልክ አያስፈልግም፣ ግን ርካሹ ሁሉ እኩል አይደለም። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ የሚሠራው በአክስለሮሜትር ነው፣ እሱ ደግሞ ስማርት ስልክ ሁሉ ላይ ይገኛል ማለት ይቻላል። ጋይሮስኮፕ (መዞርን የሚለካ) ወይም ባሮሜትር (የአየር ግፊትን የሚለካ) የሚፈልጉት ሙከራዎች ግን ብዙ ስልክ ላይ ደብዝዘው ነው የሚታዩት። «ሊፍት» የሚባለው የራሱ ሙከራ እንኳ ባሮሜትር ስለሚፈልግ የእኔ ስልክ ላይ አልከፈተም፣ እኛ በተለመደው በአክስለሮሜትሩ ነው የሠራነው። ሌላ የወደድኩት፣ ስልኩን በሆትስፖት ከላፕቶፕ ጋር አገናኝታችሁ ግራፉን ከሩቅ ማየት ይቻላል፣ ስልኩን ሳትነኩት በሰዓት እንዲጀምርና እንዲያቆም ማድረግም ይቻላል። እኛ በእንግሊዝኛ ነው የተጠቀምነው፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ስለሆነ አላስቸገራትም፤ እኔን ነው ያስቸገረኝ።

ኮምፒውተር ብቻ ላላቸው ፌት የሚባለውን የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሙሌሽን እጠቁማለሁ፣ የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ሳጥንና ፍሪጅ ትገፋላችሁ፣ ፍሪክሽኑን ከፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ፣ ቀስቶቹ ወዲያው ይረዝማሉ ያጥራሉ። ቀስት መሳል ላይ ከፊፎክስ ይሻላል። ግን ስክሪን ላይ ያለ ሳጥን ነው፣ ልጄ አስር ደቂቃ ነው የተጫወተችበት።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ያስቀረሁት 9.8 ጠረጴዛ ላይ ለምን እንደሚታይ የሚያስረዳ ሰው አጠገባቸው የሌለ ልጆችን አስቤ ነው፣ የመጀመሪያውን ምሽት ብቻቸውን አያልፉትም። አስጠኚው አሁንም ይመጣል፣ በሳምንት አንድ ቀን ቀንሰናል። የሊፍቱን ግራፍ ስታሳየው ስልኩን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አየው፣ ከዚያ የእሱም ስልክ ላይ አስጫነችለት። ጥሩ ልጅ ነው።

አሁን ክፍል ውስጥ ሰርኩላር ሞሽን (የክብ ጉዞ) ጀምረዋል። ለእሱም አፑ ሙከራ አለው፣ ስልኩን የሚሽከረከር ነገር ላይ ማሰር ነው የሚፈልገው። ልጄ የጎረቤታችንን ልጅ ብስክሌት ጎማ አይታ መጥታለች፣ ፕላስተርም ገዝታለች። ስልኩ ግን የኔ ነው፣ እስካሁን አልፈቀድኩም።